አሥራ ሦስት ዓመት የዘገየ ቀብር

ባለፈው ክረምት በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ሮሜ ምዕራፍ 5ን እያጠናን ነበር። መከራ ትዕግሥትን እንደሚያፈራ፣ ትዕግሥትም ሰውን ፈትኖ ወደ ተስፋ እንደሚያደርሰው የሚናገረው ክፍል ላይ ስንደርስ አንዲት እህት እጇን አወጣች። «መምህር፣ እምነት ብርታት ይሰጣል ትሉናላችሁ። እናቴ ሁለቱን ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ እየተነሣች ስለ ወንድሜ ጸለየች። ወንድሜ አልተመለሰም። ታዲያ እምነቷ የሰጣት ብርታት የቱ ነው?» አለችኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም «ጌታ ያውቃል» አልኩና ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፍኩ። ጌታ በእርግጥ ያውቃል። እኔ ግን ያን ቃል የተናገርኩት እርሱን ለማክበር ሳይሆን ከጥያቄው ለማምለጥ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው አፈርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄው ከእኔ አልተለየም። ይህ ጽሑፍ ለዚያች እህትና እንደ እርሷ ለሚጠይቁ ሁሉ የዘገየ መልሴ ነው። ኮሌጅ የተማርኩት ታሪክ ስለሆነ መልሱንም በታሪክ ውስጥ ፈለግኩት። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

በቁጥር የሚያልቅ ታሪክ

እኛ ወንጌላውያን የመከራ ታሪካችንን ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር እንዘጋዋለን። የወላይታን ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ እንዲወጡ ሲገደዱ የተጠመቁት አማኞች መቶ አይሞሉም ነበር። በገዛ ቋንቋቸው ያላቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ብቻ ነበሩ። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ የጸሎት ቤቶቻቸው ፈረሱ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በ1974 ደርግ ሲዘጋት 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። መሪዎቿ ታሰሩ፤ አማኞቿ ግን በየቤቱ በትናንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ጸኑ። ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ።

እነዚህ ታሪኮች እውነት ናቸው፤ ጌታንም እናመሰግንባቸዋለን። የእህታችንን ጥያቄ ግን አይመልሱም። ቁጥር ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደ በዛች ይነግረናል እንጂ፣ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት እናት ሌሊቱን እንዴት እንደምታነጋው አይነግረንም። በአሥር ሺህ መካከል የአንድ ሰው እንባ አይታይም። ስለዚህ በቁጥር የማያልቅ ታሪክ ፈለግኩ። የአንድ ሰው፣ የረጅም ጊዜ፣ በድል ዜና ቶሎ የማይዘጋ ታሪክ። የወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን ታሪክ አገኘሁ።

ከጸዓዘጋ እስከ ቦጂ

ታሪኩ ወለጋና አዲስ አበባ የተፈጸመ ቢሆንም ሥሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን በሐማሴን፣ ጸዓዘጋ በምትባል መንደር፣ ካህናት መጽሐፍ ቅዱስን በሚገባቸው ቋንቋ ማንበብና መወያየት ጀመሩ። ተቃውሞ ሲበረታባቸው ብዙዎቹ ቀያቸውን ለቀው በምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በሚባለው የስዊድን ሚሲዮን ጣቢያ ተጠለሉ። ከጸዓዘጋ ከወጡት አንዱ ትግርኛ ተናጋሪው ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 ከኦሮሞ ባልንጀሮቻቸው ጋር ሩቅ መንገድ ተጉዘው በምዕራብ ወለጋ ቦጂ ደረሱ። በማያውቁት አገር ተቀምጠው ወንጌልን አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 በእሳት አደጋ እዚያው ሞቱ፤ የትውልድ መንደራቸውን አላዩም።

በዚያችው ቦጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ጉዲና ቱምሳ ተወለዱ። በነቀምቴ ሆስፒታል የሕክምና ረዳት ሆነው ሠሩ፤ ኋላም ቄስ ሆኑ። አሜሪካ ሄደው ነገረ መለኮት ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ፍሬ ሐሳቡ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ለሁለት መክፈል አይገባም፣ የወንጌል ስብከትና የሰው ኑሮ መሻሻል የማይነጣጠሉ ናቸው የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በወንጌላውያን ላይ እሥራቱና የአጥቢያዎች መዘጋት እየበረታ ሄደ። ቄስ ጉዲናም ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ወዳጆቻቸው በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁልየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻቹላቸው። እርሳቸው ግን በጎቼን በፈተና ሰዓት ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው በሕይወት ያሉት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው የሚለውን የሐዋርያውን ትምህርት (2ቆሮ. 5፥15) ምክንያት አድርገው እንዳቀረቡ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህን ታሪክ አንሥተን ከመቀሌ የወጡትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን እንዳንፈርድባቸው። ጌታ ራሱ በአንዲት ከተማ ቢያሳድዷችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሎ ፈቅዷል (ማቴ. 10፥23)። ጳውሎስም ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ አምልጧል። መውጣትም መቅረትም በእምነት ሊሆን ይችላል። ደግሞም የቄስ ጉዲና ውሳኔ ዋጋ ያስከፈለው እርሳቸውን ብቻ አልነበረም። የቀረውን ዋጋ የከፈሉት ባለቤታቸው ናቸው። እኛ ሰማዕቱን ስናነሣ ሚስቲቱን የመርሳት ልማድ አለን።

ሐምሌ 21 ቀን 1971

በዚያን ቀን ምሽት ባልና ሚስቱ በአዲስ አበባ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከነበረው የወንጌል አገልግሎት ወጡ። የታጠቁ ሰዎች ጠብቀው ያዟቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር ወስደው ለቀቋቸው። ቄስ ጉዲናን ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ። መንግሥት የት እንዳሉ አላውቅም አለ። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ፣ ሬሳ የለ።

ይህን በመቀሌ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሞት ከባድ ነው፤ ግን ወግ አለው። ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ይቀበራል። ያልታወቀ ነገር ግን ወግ የለውም። ሞቷል ብለሽ ብታለቅሺ የከዳሽው ይመስልሻል። አለ ብለሽ ብትጠብቂ በር በተንኳኳ ቁጥር ልብሽ ይሰነጠቃል።

ወይዘሮ ፀሐይ በዚህ ሁኔታ ጥቂት ወራት እንደ ቆዩ በ1972 እርሳቸውም ታሰሩ። ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግራቸውን ገረፏቸው፤ ለረጅም ጊዜ በእግራቸው መቆም አልቻሉም። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አሥር ዓመት ገደማ በእሥር ቆዩ። የተፈቱት በ1982 አዲስ ዓመት ሰሞን ነው።

እነዚያን አሥር ዓመታት ከእኛ ከተማ ታሪክ ጋር አስተያዩአቸው። ወይዘሮ ፀሐይ በእሥር ቤት ሳሉ 1977 መጣ፤ መቀሌ ዙሪያ በነበሩት መጠለያዎች ሕዝባችን በረሃብ አለቀ። እርሳቸው በእሥር ቤት ሳሉ ሰኔ 15 ቀን 1980 ሐውዜን በገበያ ቀን በአውሮፕላን ተደበደበች። ወላጆቻችን ያን ጊዜ በዚህ ሲያለቅሱ፣ አንዲት የወለጋ ሴት ያው መንግሥት ባሠራት ቤት ውስጥ ባሏ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ትጸልይ ነበር። አይተዋወቁም። ጸሎታቸውን የሚሰማው ግን አንድ ነበር።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ደርግ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነው እውነቱ የወጣው። ቄስ ጉዲና የተገደሉት በተያዙበት በዚያው ሌሊት ነበር፤ ታንቀው። አስከሬናቸው የተገኘው አዲስ አበባ በቀድሞው የራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ነው። በ1984 በክብር ተቀበሩ። ከተያዙበት ቀን እስከ ቀብራቸው አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ ከዚያ በኋላም ከሃያ ዓመት በላይ ኖረው በ2007 አረፉ።

ታሪኩ ይህ ነው። የጸሎቱ መልስ «አይሆንም» ነበር፤ ያውም ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት የተሰጠ «አይሆንም»። ለአሥራ ሁለት ዓመት «ጌታ ሆይ፣ ጠብቀው» ተብሎ የተጸለየለት ሰው የመጀመሪያው ሌሊት ሳይነጋ ሞቶ ነበር። እህታችን የጠየቀችው ይህንኑ ነው። እንግዲህ እምነት ለዚህች ሴት የሰጠው ምንድን ነው?

ብርታት የምንለው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ነገር፣ ብርታት ማለት አለመሰበር ማለት አይደለም። ወይዘሮ ፀሐይ ከእሥር በኋላ ታሪካቸውን ተርከው በመጽሐፍ ወጥቷል። ሥቃዩን አልሸሸጉም፣ አላሳመሩትምም። እኛ ግን በምስክርነት ሰዓት ፊታችንን አጥበን እንቆማለን። «እንዴት ከረማችሁ?» ስንባል «ክብር ለጌታ፣ ደኅና» እንላለን፤ ቤት ስንገባ እናለቅሳለን። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አላስተማረንም። ከመዝሙራት መካከል 88ኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰቆቃ ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር እንኳ በጨለማ ያልቃል። ያም ሆኖ በመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማለትም በጉባኤ እንዲጸለይ ነው። ያ ሰው ያልተወው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጩኸቱን ወደ እግዚአብሔር መጮኹን አልተወም። ጀርባውን ሰጥቶ ዝም አላለም። እምነት ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ብቻ ነው። ይህም ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ብርታት በሰው እጅ ይመጣል። በደርግ እሥር ቤቶች እሥረኛ የሚበላው ከቤት የሚመጣለትን ስንቅ ነበር። ዘመድ ሳህን ይዞ በር ላይ ይሰለፋል፤ የተመለሰው ሳህን ባዶ ከሆነ እሥረኛው አለ ማለት ነው። ስንቅ የማይመጣለት ደግሞ ከሚመጣለት ጋር ይካፈላል። እንግዲህ «ጌታ አበረታኝ» የሚል የዚያ ዘመን እሥረኛ ስለ እንጀራም እየተናገረ ነው። ቄስ ጉዲና ሥጋና ነፍስ አይከፈሉም ያሉትን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር።

ኤልያስን አስታውሱ። ከክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ መሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ ስብከት አልላከለትም። እንጎቻና ውኃ ላከለት፤ ደግሞም እንዲተኛ ተወው (1ነገ. 19)። ኤርምያስንም አስታውሱ። በጭቃ ጕድጓድ ውስጥ ሲሰጥም ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው (ኤር. 38)። አቤሜሌክ ገመድ ብቻ አልወረወረለትም። አሮጌ ጨርቅና የተቀደደ ልብስ አውርዶ «ገመዱ እንዳይቆርጥህ በብብትህ ሥር አድርገው» አለው። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ንጉሡ ሠላሳ ሰው ሰጥቶታል፤ ጊዜው ጥድፊያ ነው፤ ሰውዬው ግን ስለ ብብት ያስባል። ሰውን ከመከራ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሲወጣ እንዳይቆስል ማሰብ ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ልትማሩት የሚገባችሁ ሙያ ይህ ነው።

ሦስተኛው፣ እምነት እውነትን ከመፈለግ አያስቆምም። ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጉዲናን «በሰማይ እንገናኛለን» ብላ አልተወቻቸውም። ዐፅማቸው ከተጣለበት ወጥቶ፣ ስማቸው ተጠርቶ፣ በክብር ተቀበሩ። በትንሣኤ የሚያምን ሕዝብ መቃብር አይንቅም። አብርሃም ለሣራ መቃብር በገንዘቡ ገዝቷል፤ የአርማትያሱ ዮሴፍ የጌታን ሥጋ ለመለመን ጲላጦስ ዘንድ ገብቷል። ስለዚህ «እምነት ካለሽ ለምን ትጠይቂያለሽ?» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ እንዳልሆነ እወቁ። የት እንደ ወደቀ መጠየቅ፣ ማን እንዳደረገው መጠየቅ፣ ማልቀስም የእምነት ሥራ ነው። ይቅርታም ቢሆን የሚሰጠው ስሙ ለታወቀ በደል ነው እንጂ ለተደበቀ በደል አይደለም።

የእኛ ሁለት ዓመት

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ጦርነቱ የተጀመረው በጥቅምት 2013 ነው። ከሰኔ 21 ቀን 2013 በኋላ ደግሞ ባንክ ተዘጋ፤ ስልክና ኢንተርኔት ጠፋ፤ መብራት ተቋረጠ፤ ነዳጅ ከገበያ ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን ካየ ዓመት አለፈው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2014 ባለው ጊዜ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና በመንገድ አልገባም። በዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ያለ ደመወዝ፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ጓንት እያጠቡ ያክሙ ነበር። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ዳግም ሲያገረሽ በከተማችን የሕፃናት መዋያ በአየር ድብደባ ተመታ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው፤ የመጀመሪያው የመንገደኛ አውሮፕላን ታኅሣሥ 19 አረፈ። በጥቅምት 2016 ደግሞ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ብዙ ቤተሰብ የልጁን ሞት በይፋ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን እስከዚያ «ምናልባት» በምትባል አንዲት ቃል ኖረናል።

በእነዚያ ወራት ምን አየሁ? በመድረክ ላይ ካየሁት ይልቅ በየጓሮው ያየሁት ይበልጥብኛል። በእኛ ሰፈር አንዲት መበለት ዱቄቷን በጣሳ እየሰፈረች ለሦስት ቤት ታካፍል ነበር። የእኛ አጥቢያ አባል አይደለችም፤ ኦርቶዶክስ ናት። ከምትሰጣቸው አንዱ ቤት ሙስሊም ነው። እኛ በእጃችን ኪቦርድ ይዘን ያለ መብራት ምን ልናደርግ እንችላለን ስንል፣ አረጋውያኑ በጭብጨባ ዘመሩ። መጽሐፍ ቅዱሱ በስልኩ ብቻ የነበረው ወጣት ስልኩ ሲዘጋ ባዶ እጁን ቀረ፤ ባለ ቀይ ጠርዙ ያረጀው የአያቱ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ይነበብ ነበር። አንዳንዶቻችን ያን ጊዜ ነው ጥቅስ በቃል መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባን። በቀይ መስቀል በኩል ሁለት ሦስት መስመር የሰላምታ መልእክት የደረሰው ሰው ሰፈሩን ሁሉ ያስደስት ነበር።

ከረሃቡ ይልቅ የከበደንም ነገር ነበር። በሌላ ከተማ ያሉ፣ አብረናቸው የዘመርን፣ በአንድ ኮንፈረንስ አብረን የበላን ወንድሞች ዝም አሉን። ዝምታ ብቻ ቢሆን መልካም፤ ከዝምታም የከፋ ቃል የሰማን አለን። ይህን መጽሔት በዚህ ቋንቋ ማንበብ እንኳ የሚከብዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም አንዳንድ ቀን ብዕሬ ይከብደኛል። ነገር ግን ስልኩ ሲከፈት የሰማነውንም እንናገር። በየሌሊቱ ስማችንን እየጠሩ ሲጸልዩ የከረሙ፣ ፈርተው እንጂ ጠልተውን ዝም ያላሉ፣ የታሰሩ የትግራይ ልጆችን ስንቅ ያመላለሱ ሰዎች ነበሩ። በአማራና በአፋርም ልጇን የምትጠብቅ እናት አለች። የወለጋዋ ሴት በቀበሌዋ ሳይሆን በእምነቷ የእኛ ወገን ከሆነች፣ የእነዚያም እናቶች እንባ ከእኛ እንባ የተለየ አይደለም። ይህን ማለት የደረሰብንን ማቅለል አይደለም። በደሉ በስሙ ይጠራ፣ ፍትሕ ይፈለግ፤ እኛ ግን በደሉን እንዳንመስለው እንጠበቅ ማለቴ ነው።

መልሱን ከማን ሰማሁት?

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ እህታችን ቤት ሄድኩ። እናቷ ቡና አፈሉ። ያለፍኩትን ጥያቄ አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያም በትግርኛ «አደይ፣ ያን ጊዜ እምነት ምን ሰጠዎት?» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «ብርታት ነበረኝ አልልህም» አሉኝ። «ሌሊት እጸልያለሁ፤ አንዳንዴ ቃል ሲያልቅብኝ ስሙን ብቻ እየጠራሁ እቀመጣለሁ። ጠዋት ግን እነሣ ነበር። እሷ ነበረች፣ ታናሿ ነበረ፤ ውኃ መቅዳት ነበረ። አሁንም ጠዋት እነሣለሁ።»

ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ምንም አላለችም። እኔም የተዘጋጀሁበትን ትምህርት ሳልናገር ቡናዬን ጠጣሁ። እንደሚመስለኝ የሮሜ 5 «ትዕግሥት» ትርጉሙ ይህ ነው፤ ከሸክም በታች መቆየት። እኚህ እናት ልጃቸውን በጸሎት አልመለሱም። ነገር ግን ሌሊቱን ብቻቸውን አላሳለፉትም፤ ጠዋትም የተረፉት ልጆቻቸው እናት አላጡም። ወይዘሮ ፀሐይም አሥር ዓመት ሙሉ የያዙት ይህንኑ ይመስለኛል። ይህ መልስ ለጥያቄው ሁሉ በቂ ነው አልልም። «ለምን?» የሚለው አሁንም አለ። እርሱን ራሱ ጌታ እስኪመልሰው ድረስ አብረን እንይዘዋለን።

አንድ ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። የወይዘሮ ፀሐይን ታሪክ ዛሬ ማወቅ የቻልነው እርሳቸው ስለ ተናገሩና የሰማ ሰው ስለ ጻፈው ነው። ያልተጻፉ ስንት አሉ? በ1977 በመቀሌ መጠለያ ያለፉ፣ ሐውዜን የነበሩ አረጋውያን በየአጥቢያችን ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹም እየተለዩን ነው። የእኛም ሁለት ዓመት ገና ካሁኑ በአፋችን ላይ እየተቀየረ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የጥናት ቡድን አንድ ወፍራም ደብተር ይግዛ። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደ አንድ ቤት ሂዱ፤ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ስኳርም ቢሆን ያዙ። ጠይቁና የሚነግሯችሁን በሚነግሯችሁ ቋንቋ፣ ቀኑንና ቦታውን ሳትረሱ ጻፉ። ማስፈራትም ማሳመርም አያስፈልግም። መናገር የማይፈልግ ካለ አታስገድዱት፤ ውኃ ቀድታችሁለት ተመለሱ። ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠው ጨርቁን አስቀድሙ።

የመጀመሪያውን ቤት እኔ ጀምሬላችኋለሁ። ደብተሩ በቤተ ክርስቲያን ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የቀሩት ገጾች ባዶ ናቸው።